የጉባኤ አማርኛ፤ በጥናት አቀራረብና በፖስተር ዝግጅት ቃላት ላይ የቀረበ ሂስ

ስለ ሙያ ቃላት በተነሣ ቁጥር ክርክሩ የሚያተኩረው በልደታቸው ላይ ነው። ቃሉ ከግእዝ ይውጣ ወይስ ከአማርኛ፣ ከሌሎች የአገሪቱ ቋንቋዎች ይወሰድ ወይስ የውጭው ቃል እንዳለ ይግባ የሚለው ጥያቄ ብዙ ቀለም ፈጅቷል። ቃሉ ከተወለደ በኋላ የት እንደሚያድግ ግን እምብዛም አይጠየቅም። «ጸደቀ» የሚለው ግሣችን ለአዋጅም ለችግኝም ይነገራል። አዋጅ የሚጸድቀው በድምፅ ብልጫ ሲሆን ችግኝ የሚጸድቀው ሥር ሲሰድ ነው። የሙያ ቃላትን እስከ ዛሬ ያጸደቅናቸው ባመዛኙ እንደ አዋጅ ነው፤ መጽደቅ የነበረባቸው ግን እንደ ችግኝ ነበር።

በ1989 ዓ.ም. የታተመው የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት የብዙ ሊቃውንት ድካም ፍሬ ነው። ከታተመ ሠላሳ ዓመት ገደማ ሆኖታል። በውስጡ ከተመዘገቡት ቃላት መካከል ባለሙያ በባለሙያዎች ፊት ቆሞ ሲናገራቸው የሚሰሙት የትኞቹ ናቸው? ይህን ለማወቅ የሚሻ ሰው ወደ ጥናት ጉባኤ ይሂድና ይስማ። የሚቀርቡትን ንግግሮች ያድምጥ፤ በግድግዳ የተሰቀሉትን ፖስተሮች ያንብብ። የዚህ ሂስ መነሻ ይኸው ነው። ለጉባኤ የሚዘጋጅ ንግግርና ፖስተር የሙያ ቃል የሚፈተንበት ዋና ስፍራ ነው፤ እኛ ግን ቃላቱን የምናስባቸው ጥናቱ ካለቀ፣ ስላይዱ ከተሠራ፣ ፖስተሩ ማተሚያ ቤት ከገባ በኋላ ነው።

የነገሩ ምክንያት ግልጽ ነው። ዓለም አቀፍ የኢትዮጵያ ጥናት ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1959 ሮም ላይ ተጀምሮ ከ1966 ወዲህ በአዲስ አበባም በየጊዜው የተካሄደ ቢሆንም፣ መድበሎቹ ባመዛኙ በእንግሊዝኛና በፈረንሳይኛ የተጻፉ ናቸው። ስለዚህ የጉባኤ ሥርዐት ወደ እኛ የመጣው ከነቃሉ ነው። በአማርኛ ጉባኤ ስንጠራ የውጭውን የጥሪ ወረቀት ከፊታችን ዘርግተን ቃል በቃል እንገለብጣለን። ስሕተቱም የሚጀምረው ከጥሪው ነው።

ይህ ጸሐፊ ከጥቂት ዓመታት በፊት የአንድ ጉባኤ ጥናት መራጮች አባል ነበር፤ የጉባኤው ስም ለነገሩ አያስፈልግም። የጥሪው ወረቀት «ረቂቃችሁን እስከ ወሩ መጨረሻ ላኩ» ይል ነበር። አዘጋጆቹ ለማለት የፈለጉት አብስትራክት የሚባለውን ነው። ከደረሱን መካከል ገሚሶቹ የአንድ ገጽ ጽሑፎች ሲሆኑ ገሚሶቹ ገና ያላለቁ ሙሉ ጥናቶች ሆነው ተገኙ። ላኪዎቹ አልተሳሳቱም። «ረቂቅ» በሰዋስው መጻሕፍታችን «ረቂቅ ስም» ሲባል የማይዳሰሰውን፣ በሕግ ቋንቋ «ረቂቅ አዋጅ» ሲባል ገና ያልጸደቀውን ያመለክታል። ተርጓሚው በመዝገበ ቃላት ከእንግሊዝኛው ቃል ትይዩ «ረቂቅ» የሚለውን አገኘና ወሰደ፤ የቃሉን ፍች አየ እንጂ ቃሉ በጥሪ ወረቀት ላይ የሚሠራውን ሥራ አልጠየቀም። ሙሉ ጥናት የላኩት «ደንቡን አላከበሩም» ተብለው ከምርጫው ወጡ። ከእነርሱ አንዷ ወጣት ተመራማሪ ነበረች። በኋላ መጥታ «ረቂቅ ላኩ አላችሁ፤ ረቂቅ ላክሁ። ጥፋቴ ምንድን ነው?» ብላ ስትጠይቀን የምንመልስላት አጣን። በአንድ ቃል ምክንያት የአንድ ዓመት ሥራ ሳይሰማ ቀረ።

ለዚህ ነገር በዩኒቨርሲቲዎቻችን ሲሠራባቸው የቆዩ ስሞች አሉ፤ «አኅጽሮተ ጥናት» አንዱ ነው፣ «ጭምቀ ሐሳብ» ሌላው ነው። ሁለተኛው ለጆሮ ይጥማል። ይሁን እንጂ ይህ ጸሐፊ የመጀመሪያውን ይመርጣል፤ ምክንያቱም «አኅጽሮተ ቃል» ከሚለው ጋር ዘመድ ስለሆነ፣ አንዱን የሚያውቅ ሌላውን ሳይነገረው ይገምታል። የሙያ ቃል ቤተ ዘመድ ሲኖረው ቶሎ ይለመዳል።

ጥሪው ሌላም እንከን ነበረበት። «ከ250 ቃል አይብለጥ» ይላል። ይህ ቁጥር የተወሰደው ከእንግሊዝኛ ነው። በአማርኛ «ስላልነገርኋቸው» የምንለው አንድ ቃል በእንግሊዝኛ ስድስት ቃል ይሆናል፤ መስተዋድዱን፣ አፍራሹን፣ ባለቤቱንና ተሳቢውን ግሡ በሆዱ ይዟቸዋል። ስለዚህ ለእንግሊዝኛ ጸሐፊ ጠባብ የሆነው ልክ ለአማርኛ ጸሐፊ ሰፊ ሜዳ ይሆንለታል፤ ሜዳውንም በመግቢያ ወሬ ይሞላዋል። በንግግር ጊዜ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። በደቂቃ ይህን ያህል ቃል ይነገራል የሚለውን የውጭ መምሪያ ያመነ አቅራቢ፣ የአማርኛው ቃል ረጅም ስለሆነ፣ ከጽሑፉ እኩሌታ ላይ ሳለ ሰዓቱ ያልቅበታል። ውጤቱን ሳይናገር ከመድረክ የሚወርድ ሰው ያላየ የጉባኤ ታዳሚ ያለ አይመስለንም።

ወደ ንግግሩ እንለፍ። «ወረቀት ማቅረብ» የሚለው አነጋገር ከእንግሊዝኛ የተገለበጠ ነው። ይህን ያህል ባልከፋም ነበር፤ የከፋው አቅራቢዎቻችን ቃሉን እንደ ትእዛዝ መቀበላቸው ነው። ወረቀት አቅርቡ ተባሉ፤ ወረቀቱን ያነባሉ። ለዐይን የተጻፈው ዐረፍተ ነገር ለጆሮ ይቀርባል። በአማርኛ ይህ ከሌላው ቋንቋ ይልቅ ይጎዳል፤ ማሰሪያ አንቀጹ በመጨረሻ ስለሚመጣ አድማጩ ዐረፍተ ነገሩ እስኪታሰር ድረስ ሁሉን ተሸክሞ መጠበቅ አለበት። ለምሳሌ ያህል የሚከተለውን ዐረፍተ ነገር እንመልከት፤ «አነስተኛ ይዞታ ባላቸው የደጋ ገበሬዎች የተዘራው የተሻሻለ የጤፍ ዝርያ በቂ ዝናብ ባላገኘበት ወቅት የሰጠው ምርት ከተጠበቀው በታች ሆኖ አልተገኘም።» አድማጩ «ከተጠበቀው በታች ሆኖ» የሚለውን ሲሰማ ምርቱ መቀነሱን በማስታወሻው ጽፎ ጨርሷል። «አልተገኘም» የሚለው ሲደርስ እርሱ ሌላ መስመር ጀምሯል። በጽሑፍ ላይ ዐይን ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ጆሮ ግን አይመለስም።

ይኸው ሐሳብ ለጆሮ ሲዘጋጅ እንዲህ ሊሆን ይችላል፤ «ዝናብ አጥሮ ነበር። ምርቱ ግን አልቀነሰም። ይህን ያየነው በደጋ፣ አነስተኛ ይዞታ ባላቸው ገበሬዎች ማሳ ላይ ነው።» ከትምህርቱ የጎደለ የለም። አፍራሹ ከፊት ቀድሟል፤ ዝርዝሩ ተከትሏል።

ይህ ለእኛ አዲስ ጥበብ ሊሆን አይገባም ነበር። «ጉባኤ» የሚለው ቃል ራሱ መምህርና ተማሪ ተሰብስበው የሚማሩበት ስፍራ ስም ነው፤ «ጉባኤ ቤት» የምንለው ስለዚህ ነው። በቅኔ ቤት ተማሪው ቅኔ ሲቆጥር ውሎ ለመምህሩ የሚያሰማው በቃሉ ነው፤ መምህሩም በጆሮው ሰምቶ ያርማል። ጀማሪው ቅኔውን የሚጀምረው በሁለት ቤት ከሚያልቀው ከጉባኤ ቃና ነው፤ ረጅሙን ከመሞከሩ በፊት አንድን ሐሳብ በሁለት ቤት መጨረስ ይማራል። ዛሬ ለጉባኤ የሚዘጋጅ ተመራማሪም ከዚህ የተሻለ መመሪያ አያገኝም። ጥናቱን በሁለት ዐረፍተ ነገር በቃሉ መናገር ካልቻለ፣ በሃያ ደቂቃም አይችልም። ንግግሩን አስቀድሞ ከክፍሉ ውጭ ለሆነ አንድ ሰው በቃሉ ያሰማ፤ አድማጩ «ምን ማለት ነው?» ብሎ ያስቆመውን ቃል ሁሉ ምልክት ያድርግበት። ያ ምልክት ለቃላት ኮሚቴ ከብዙ ስብሰባ ይልቅ ይጠቅመዋል። ከአባቶቻችን የጉባኤን ስም ወርሰን የጉባኤን ልማድ ትተናል።

ስለ ስላይድ ደግሞ ጥቂት እንበል። «ተንሸራታች» የሚለው ትርጉም በአንዳንድ የሥልጠና ጽሑፎች ይታያል። የእንግሊዝኛው ስም የመጣው በድሮው የፋኖስ ማሳያ ውስጥ እየተንሸራተተ ይገባ ከነበረው ባለ ሥዕል መስተዋት ነው። ፓወርፖይንት የተባለው ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ1987 ገበያ ላይ ከዋለ ወዲህ የሚንሸራተት መስተዋት የለም፤ የቀረው ስሙ ነው። እኛ ዛሬ «ተንሸራታች» ስንል አይተነው የማናውቀውን መስተዋት እንተረጉማለን። «ስላይድ» ተለምዷል፤ ይቀጥል። በአማርኛ ማለት የሚፈልግ «ገጽ» ቢል ሁሉ ይረዳዋል።

ከስሙ ይልቅ የሚያሳስበው በገጹ ላይ የሚሰፍረው ቃል ነው። ኮሎምቢያ የተባለችው የአሜሪካ የጠፈር መንኮራኩር እ.ኤ.አ. በ2003 ሰባት ሰዎች እንደያዘች ወደ ምድር ስትመለስ ተሰባበረች። አደጋውን የመረመረው ቦርድ በዚያው ዓመት ባወጣው ዘገባ፣ በበረራው ጊዜ መሐንዲሶች ለኀላፊዎች ያቀረቡትን አንድ የስላይድ ገጽ ለይቶ ተችቷል። ከሁሉ የሚያሳስበው መረጃ በገጹ ግርጌ በደቃቅ ፊደል ተጽፎ ነበር። በገጹም ላይ «ጉልህ» ተብሎ ሊተረጐም የሚችል አንድ ቃል ከነእርባታው አምስት ጊዜ ተደጋግሞ፣ በየስፍራው የተለያየ ነገር እያመለከተ ተገኝቷል። የሙያ ቃል አጠቃቀም የቃላት ሊቃውንት ቅንጦት ነው ለሚል ሰው ይህ በቂ መልስ ይመስለናል።

የሚያስደነግጠው ይኸው ቃል በእኛም ጉባኤዎች ያንኑ ጥፋት መሥራቱ ነው። የስታቲስቲክስ ባለሙያዎች «ጉልህ ልዩነት» ሲሉ ልዩነቱ በአጋጣሚ ብቻ ሊከሠት የሚችልበት ዕድል ጠባብ መሆኑን መግለጻቸው ነው፤ ስለ ልዩነቱ ትልቅነት የተናገሩት የለም። በአማርኛ ግን «ጉልህ» ማለት ከሩቅ የሚታይ፣ ጐልቶ የወጣ ማለት ነው። በአንድ ጉባኤ ላይ አንድ አቅራቢ «አዲሱ አዘራር በምርት ላይ ጉልህ ለውጥ አስከትሏል» ሲል፣ ከግብርና ሥራ የመጡ አንድ አዛውንት ተነሥተው «ስንት ኩንታል ጨመረ?» ብለው ጠየቁ። መልሱ ከግማሽ ኩንታል በታች ሆነ። አዛውንቱም «ታዲያ ምኑ ጐላ?» ብለው ተቀመጡ፤ አዳራሹ ሳቀ። የሚሳቅበት ነገር አልነበረም። ሰውየው ባይጠይቁ ኖሮ ያን ቃል ይዘው ወደ ገበሬ ይሄዱ ነበር። በእኛ አስተያየት አቅራቢው በንግግሩ «የአጋጣሚ የማይመስል ልዩነት» ማለትና ወዲያው መጠኑን በኩንታል መግለጽ ነበረበት። ረጅም ነው፤ ነገር ግን አያሳስትም።

አሁን ወደ ፖስተር እንምጣ። ፖስተር በጥናት ጉባኤ ላይ የቆየ ዕቃ አይደለም። ከመጀመሪያዎቹ እንደ አንዱ የሚጠቀሰው እ.ኤ.አ. በ1969 ማድሪድ ላይ በተደረገው የአውሮፓ የባዮኬሚስትሪ ማኅበራት ጉባኤ የታየው ነው። ስሙን በአማርኛ ለመተካት «ልጥፍ» የሚል ሐሳብ ሲነሣ ሰምተናል። ይህ ቃል ግን ዛሬ በማኅበራዊ መገናኛ ገጾች ለሚወጣ አጭር ጽሑፍ ተይዟል፤ «ልጥፌን እዩልኝ» የሚል ተመራማሪ ሰዎችን ወደ ግድግዳው ሳይሆን ወደ ስልካቸው ይመራቸዋል። «ፖስተር» በከተማው ሰው ሁሉ አፍ ያለ ቃል ስለሆነ ቢቀር ክብራችንን አይነካም። ፖስተሮቹ የሚታዩበትን ክፍለ ጊዜ ግን «የፖስተር ዐውደ ርእይ» ማለት ይቻላል፤ «ዐውደ ርእይ» የጸደቀ ቃል ነውና። «ዐውድ» ክብና ዙሪያ ነው፤ ሰው እየዞረ ያያል፣ እየቆመ ይጠይቃል። «ዐውደ ጥናት»ም በዚሁ መሠረት ጥቂት ሰዎች ክብ ሠርተው ለሚመክሩበት ቢወሰን መልካም ነበር፤ ዛሬ ግን ሴሚናሩንም፣ ሲምፖዚየሙንም፣ ወርክሾፑንም በአንድ ስም ስለምንጠራበት ከመልክተኝነቱ እየተሻረ ነው።

ፖስተሩ ሲዘጋጅ ዋናው ስሕተት የውጭውን አርአያ ከፊደላችን ጠባይ ጋር ሳያመዛዝኑ መቅዳት ነው። በአብዛኛው የሚሠራበት ወረቀት 84.1 በ118.9 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ሰፊ ይመስላል። ይሁን እንጂ «ሉ»፣ «ሊ»ና «ሌ» የሚለያዩት በአንዲት ትንሽ ቅጥል ነው፤ አንባቢው ጥቂት ርምጃ ራቅ ብሎ ሲቆም ቅጥሏ ትጠፋለች። ስለዚህ ለላቲን ፊደል የተሰጠው መጠን ለእኛ አይበቃም። ዐቢይና ንኡስ ፊደልም የለንም፤ እንግሊዝኛው በትልልቅ ፊደል የሚያጐላውን ርእስ እኛ በውፍረትና በቀለም ማጉላት አለብን። በኮምፒዩተር ፊደሉን ማጋደም ከጽሕፈት ልማዳችን የራቀ ነው፤ ለንባብም አይመችም። የብራና ጸሐፊዎች የምዕራፍ መጀመሪያንና የቅዱሳንን ስም በቀይ ቀለም ይለዩ ነበር። በጥቁርና በቀይ ብቻ አንድን ሰፊ ገጽ ማሰናዳት እንዴት እንደሚቻል ከእነርሱ ብንማር ከብዙ ኅብረ ቀለም ጌጥ እንድናለን።

ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አለመለየቱም በፖስተር ርእስ ላይ አደጋ አለው። «የልጆች ዋና ችግር» የሚል ርእስ ስለ ልጆች ትልቁ ችግር ነው ወይስ ውኃ ላይ መዋኘት ስላለመቻላቸው? በንግግር ላይ ድምፅ ይለየዋል፤ በግድግዳ ላይ ግን ባለቤቱ ሻይ ሊጠጣ ቢወጣ የሚለየው የለም። ርእስ ከመታተሙ በፊት ጥናቱን ለማያውቅ ሰው ማስነበብ ይህን ያድናል።

እ.ኤ.አ. በ2019 ማይክ ሞሪሰን የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቡና ተመራማሪ፣ የጥናቱ ዋና ግኝት በፖስተሩ መካከል በትልቅ ፊደልና በተራ ሰው ቋንቋ ይጻፍ የሚል ሐሳብ አቅርቦ በብዙ አገር ተቀባይነት አግኝቷል። የአቀማመጡ ነገር ሊያከራክር ይችላል። ለእኛ ግን ጥያቄው ከባድ ነው፤ ግኝታችንን በአንድ ግልጽ የአማርኛ ዐረፍተ ነገር መጻፍ እንችላለን? ብዙ ጊዜ የማንችለው ቃል ጠፍቶ ነው። ተመራማሪው የአማርኛውን ቃል የሚፈልገው በዚያች ሌሊት ነው፤ ያን ጊዜ መዝገበ ቃላቱ ከእጁ የለም፣ ቢኖርም ቃሉን ከዚያ በፊት ተናግሮት አያውቅም። ስለዚህ እንግሊዝኛውን በፊደላችን ይጽፈዋል፤ በነጋታው ሌላው ደግሞ ያንኑ ቃል በሌላ ሆሄያት ይጽፈዋል።

ከጉባኤው በኋላ የሚወጣው መጽሐፍም ከዚህ ዕጣ አላመለጠም። «የጉባኤው ሂደቶች» የሚል ሽፋን ያለው ጥራዝ አይተናል። ውስጡ ጥናቶች እንጂ ሂደት የለበትም። «የጉባኤው ጥናቶች መድበል» ማለት ምን ይከብድ ነበር? እንዲሁም «ቁልፍ ንግግር» የሚባለው ከመክፈቻ ንግግር ጋር እየተምታታ፣ እንግዳው ባለሥልጣን ከባለሙያው ሊቅ ጋር አንድ ሆነዋል። ባለሥልጣኑ የመክፈቻ ንግግር ያድርጉ፤ ሊቁ ደግሞ «መሪ ጥናት» ያቅርቡ ቢባል ሁለቱም ስፍራቸውን ያውቃሉ።

በዚህ ላይ የሚነሣ ተቃውሞ እንዳለ አንስትም። «ጥናቱ ይብሰል እንጂ ቃሉ ምንም ይሁን፤ ባለሙያ ባለሙያን በእንግሊዝኛውም ይግባባል» ይባላል። እርስ በርስ መግባባታቸው እውነት ሊሆን ይችላል። የአማርኛ ጉባኤ የሚጠራው ግን የግብርና ሠራተኛው፣ መምህሩ፣ ነርሷና ተርጓሚው እንዲሰሙ ነው። እነርሱ ካልሰሙ በእንግሊዝኛ ማድረጉ ይሻል ነበር። በሌላ በኩል የውጭ ቃል ሁሉ ይባረር የሚሉም አሉ። ከላይ «ፖስተር»ንና «ስላይድ»ን ያልነካነው ስለዚህ ነው፤ መመዘኛችን የቃሉ ዘር ሳይሆን አድማጩ መረዳቱ ነው። «ረቂቅ» ንጹሕ የአገር ቃል ነበር፤ ያሳሳተንም እርሱ ነው።

እንግዲህ ለጉባኤ አዘጋጆችና ለአቅራቢዎች የሚከተለውን እናሳስባለን።

፩ኛ፤ ማንኛውም የአማርኛ ጉባኤ ከጥሪው ጋር የጉባኤውን ቃላት ዝርዝር ያውጣ፤ እያንዳንዱ ቃል ምን እንዲሠራ እንደሚፈለግ በአንድ መስመር ይግለጽ።

፪ኛ፤ የአኅጽሮተ ጥናት ልክ ለአማርኛ ለብቻው ይወሰን።

፫ኛ፤ አቅራቢ ከአኅጽሮተ ጥናቱ ጋር የሚጠቀምባቸውን ዐሥር ያህል ዋና የሙያ ቃላት ከነፍቻቸው ይላክ፤ በንግግሩ፣ በስላይዱና በፖስተሩም ላይ እነዚያኑ ሳይለውጥ ይጠቀም።

፬ኛ፤ በየመድረኩ አንድ ጸሐፊ አድማጮች «ምን ማለት ነው?» ያሉባቸውን ቃላት ይመዝግብ፤ መዝገቡም ቃላትን ለሚያጠኑ ይድረስ።

አራተኛው ከሁሉ ይበልጣል ብለን እናምናለን። መዝገበ ቃላት አዘጋጆች ቃሉ መለመዱን ለማወቅ ዓመታት ይጠብቃሉ፤ ጉባኤ ግን በሦስት ቀን ይነግራቸዋል። ችግኝ መጽደቁ የሚታወቀው በተተከለበት አፈር እንጂ በተከላው ቀን ሥነ ሥርዐት አይደለም። ያቺ ወጣት ተመራማሪ ጥናቷን በሌላ ዓመት እንደ ገና ላከች፤ በዚያ ዓመት ጥሪው «አኅጽሮተ ጥናት» ይል ነበር፤ ጥናቷም ተመረጠ። በመድረክ ላይ ስትናገር አዛውንቱን የመሰሉ አድማጮች አንዲት ቃል እንኳ አላስቆሙባትም። ከዚህ በላይ የተጠቆሙት ቃላትም ቢሆኑ እንደዚሁ በአድማጭ ፊት ተፈትነው ይውደቁ ወይም ይቁሙ። አንባብያን በየጉባኤያቸው ያጋጠሟቸውን ጽፈው ቢተቹን፣ ሂሱ ይታረማል።